ወደ ማጂ የሄደው ስልክ

እናንተ ሆዬ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ይህን ያህል ያደክማል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ አላስብም ነበር። ጸጥታ ማለት ምንም ዝግጅት የማይፈልግ፣ አፍን በመዝጋት ብቻ የሚገኝ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ጸጥታ ከሠርግ የበለጠ ሽር ጉድ እንደሚጠይቅ፣ ሽር ጉዱ ደግሞ ጸጥታዋን ራሷን እንደሚበላት በራሴ ደርሶ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ታደለች አዋላጅ ነርስ ነበረች። «ነበረች» የምለው ጡረታ ስለወጣች ነው እንጂ፣ ሚዛን አማን ውስጥ ጡረታዋን የተቀበለላት ሰው ስላለ አይደለም። የከተማው ግማሽ በእሷ እጅ የተወለደ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ በእሷ እጅ ከተወለዱት ጋር የተጋባ ነው። ስለዚህ ስልኳ ይጮሃል። ሕፃን ሲያስነጥስ ይጮሃል፤ እርጉዝ ሴት ምግብ ሲያስጠላት ይጮሃል፤ አማት ከምራቷ ጋር ስትኳረፍ ይጮሃል። ስልኩ ሲደክመው አጥሩ ይቀጥላል፤ «ሲስተር! ሲስተር አሉ?» ይላል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል እንኳ በእንቅልፏ ውስጥ «አቤት!» ብላ ስትመልስ ሰምቻታለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያ ስንቱን ሕፃን የተቀበለ እጅ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ ሳህኑ ላይ ይንኳኳል። ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙም እሷው ያዋለደችው ልጅ ነው። መረመራት፣ ደሟን አየ፣ በመጨረሻም «ሲስተር፣ ሌላ በሽታ አላገኘሁብዎትም። በጣም ደክመዋል። ካላረፉ ግን እጅዎ እየባሰበት ነው የሚሄደው» አላት። ከክፍሉ ልንወጣ ስንል ተከትሎን መጣና ስለ ሚስቱ እርግዝና አንድ ነገር ጠየቃት። በሩ ላይ ቆማ መለሰችለት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ «እኔ የምልህ» አለችኝ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ። «ማንም ስሜን የማይጠራበት ቦታ ሄጄ ሁለት ቀን መተኛት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ታደለች እንዲህ «እፈልጋለሁ» ብላ ስትናገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ደነገጥኩ። ከድንጋጤዬ የተነሳ ወዲያው «ማጂ!» አልኩ።

ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማጂን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ብዙ ጊዜ ወጥቻታለሁ፤ በእግሬ ግን ደርሼባት አላውቅም ነበር። ከእኛ ከወበቃማው የቡና አገር ተነስታችሁ፣ የጀሙን ከተማ አልፋችሁ፣ ቆላውን አቋርጣችሁ፣ ከዚያ መንገዱ ተራራውን ይይዛል። እላይ ስትደርሱ ብርድ ነው፤ ጉም ነው፤ ገብስና ባቄላ ነው። «አሮጌ ከተማ ናት» አልኳት ለታደለች፤ «ጋቢ ለብሰሽ በረንዳ ላይ ትቀመጫለሽ። ጉሙ ይመጣል፤ ጉሙ ይሄዳል። ሰው የሚባል አታዪም።» የማጂ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፣ ለሚስቴ ስል ከተማቸውን ባዶ አደረግኋት።

«ጸጥ ያለ ነው አይደል?» አለች።

«በጣም!»

ዕቅዱ ያማረ ነበር። የወንድሜን ፒካፕ እዋሳለሁ፤ እኔና እሷ ከፊት እንቀመጣለን፤ ከኋላ አንድ ፍራሽና አንድ ፌስታል ዳቦ እንጭናለን። በቃ። ያን ዕለት አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን ወግ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

እኛ ሰፈር ግን ረቡዕ የሚባል ቀን አለ። ረቡዕ ማታ ማታ የሰፈራችን የጸሎት ቡድን በየቤቱ እየዞረ ይሰበሰባል። ከመጸለያችን በፊት እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። አንዱ ልጁ ፈተና አለበት፤ አንዷ ወገቧን ያማታል፤ ሌላው የሰጣው ቡና ዝናብ እንዳይመታው ይፈራል። ተራው እየዞረ እኔ ዘንድ ሲደርስ ምንም አልነበረኝም። ርዕስ የሌለው ሰው ደግሞ ወይ ትዕቢተኛ ነው ወይ የደበቀው ነገር አለ ተብሎ ይታያል። ሁሉም አንገቱን አቅርቅሮ ይጠብቀኛል። ታደለች ያን ዕለት አልመጣችም፤ ተጠርታ ሄዳ ነበር።

«እንግዲህ...» አልኩ፣ «እኔና ባለቤቴ ለእረፍት ወደ ማጂ ልንሄድ አስበናልና... ለመንገዱ ጸልዩልን።»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ። አምላክም ሰማ፤ ከአምላክ ቀጥሎ ግን ጋሽ ማርቆስ ሰሙ።

ጋሽ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ክንዴን ያዙና «ወንድም መምህር፣ መኪናው ባዶውን ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«ባዶውን አይደለም፤ እኔና ታደለች አለን።»

«እኮ፣ ባዶውን» አሉ።

እኛ አገር ባዶ ወንበር ይዞ መንገድ መውጣት እንደ ስስት ይቆጠራል። ሰው ሳይሄድ ቢቀር እንኳ ዕቃ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት አጥራችንን ተጎራብታ ሱቅ የከፈተችው ዘይነባ መጣች። ዘይነባ የጅማ ልጅ ናት፤ ታደለችን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ በመጥራት የሚበልጣት ሰው የለም። ልጇ ቢያለቅስም «ሲስተርዬ!» ነው፤ ልጇ ዝም ቢልም «ሲስተርዬ፣ ዝም አለ እኮ!» ነው። ማጂ ለሚነግድ ወንድሟ የምትልከው አንድ ቋጠሮ ኮረሪማ ሰጠችኝና «ስትመለሱ የማጂ ድንች፣ ወላሂ፣ አንድ ጆንያ ብቻ» አለችኝ። ከእሷ በኋላ የመጡትን ተዉት። ለእህት የሚላክ ማር፣ ለአጎት የሚላክ ጫማ፣ ለማን እንደሚላክ ላኪው ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበት ሙዝ በረንዳችንን ሞላው።

ታደለች የተሰጣውን ቡና ለመገልበጥ ወደ ጓሮ ስታልፍ ዕቃውን አየችው። «ጸጥ ያለ ነው አይደል?» አለች።

«ዕቃ አይናገርም» አልኳት።

እሑድ ዕለት ጋሽ ማርቆስ ማስታወቂያ ሲያነቡ የእኛ ጉዞ ከሁለት ሠርግና ከአንድ ለቅሶ መካከል ተነበበ። የመዘምራኑ መሪ ተመስገን ከመቀመጫው ብድግ አለ። ተመስገን ወጣት ነው፤ ድምፁ ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ እሱ ግን ማይክሮፎን ይወዳል። «ማጂ ያሉትን ወገኖቻችንን መዘምራን ከጎበኟቸው ስንት ዘመናቸው! መኪናው ከሄደ አይቀር...» አለ። ጉባኤው አሜን አለ። እንደገና አሜን ተባለ ማለት ነው። አሜን የተባለበትን ነገር መመለስ ደግሞ እንዴት እንደሚቻል እስካሁን ያስተማረኝ የለም።

እውነቱን ለመናገር ሞክሬያለሁ። ሰኞ ዕለት ጋሽ ማርቆስ ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አጥንቻለሁ፤ «ጋሽ ማርቆስ፣ ባለቤቴ ታማለች፣ የምንፈልገው ጸጥታ ነው» ልላቸው። ገና ገብቼ ሳልቀመጥ እሳቸው ሁለት እጄን ያዙና «እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ በልብህ ተቀመጠ! እኛ እንደዚህ ያለውን ጉዞ ስንመኝ ነው የኖርነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የእኚህን ሰው እንባ ምን ብዬ ልመልስ? ሻይ ጠጥቼ፣ የጉዞው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ወጣሁ።

ኮሚቴው እኛ ቤት ተሰበሰበ። ፒካፑ ቀርቶ ሚኒባስ ይሁን ተባለ፤ ሚኒባሱ ለመዘምራኑ እንጂ ለትልቁ ድምፅ ማጉያ ለሞንታርቦው እንደማይበቃ ሲታይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይሁን ተባለ። ጄኔሬተር ይያዝ ተባለ፤ ማጂ መብራት ቢጠፋስ? የምግብ ነገር ሲነሳ ተመስገን «የሲስተር እጅ ይባረካል፤ እሳቸው ያስተባብሩ፤ ሰው ቢታመምም እሳቸው አሉ» አለ። ሁሉም ተደሰተ። ታደለች ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ቀኝ እጇን በግራ እጇ ያዘችው። ከእኔ በስተቀር ማንም አላየም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ታደለችን ሊያደክማት ፈልጎ አንድ ቃል የተናገረ የለም። ሁሉም ይወዷታል። ቢጠሏት ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰው ከጠላቱ በር ዘግቶ ይተኛል። የሚወዳችሁ ሰው ሲያንኳኳ ግን ምን ታደርጋላችሁ? ትነሳላችሁ። ሚስቴ ዕድሜዋን በሙሉ የተነሳችው በፍቅር ነው፤ እጇን ያንቀጠቀጠውም ይኸው ፍቅር ነው። ይህን ሳስብ ሰው ከመንደሩ ፍቅር የሚያርፍበት ጡረታ ለምን እንደሌለ ይገርመኛል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «እንሰርዘው?» አልኳት።

ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ጋሽ ማርቆስ አለቀሱ አይደል ያልከኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አይሰረዝም» አለች። ከዚያ በኋላ «ጸጥ ያለ ነው አይደል?» ብላ አልጠየቀችኝም። ያለመጠየቋ ከጥያቄዋ በላይ ከበደኝ።

የጉዞው ቀን ቅጥቅጡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። ሞንታርቦው የኋላውን ወንበሮች ይዟል። ጄኔሬተሩ መተላለፊያው ላይ ነው፤ የሰው እግር ጄኔሬተሩ ላይ ነው፤ የዘይነባ ኮረሪማ እኔ ጭን ላይ ነው። መዘምራኑ አንድ ዓይነት ነጠላ ለብሰው፣ መኪናው ገና ሳይነሳ መዝሙር ጀምረዋል። ታደለች መስኮት ጥግ ተቀምጣ፣ ሽሮና በሶ የሞላ ቅርጫት እግሯ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። የምትጸልይ የመሰላቸው ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ይገባቸው ነበር፤ እነሱ ግን አብረዋት ሊጸልዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አንዲት አሮጊት በትር እየተመረኮዙ፣ ጥቅልላቸውን በጀርባቸው አዝለው ደረሱ። እማማ ወለቴ ናቸው። የማጂ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ተድረው ወደ ሚዛን ከወረዱ ወዲህ ተመልሰው አያውቁም። እህታቸው እዚያ አለች፤ በሕይወት መኖሯን የሰሙት ገና በዚህ ሰሞን ነው። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። ወንበር የለም። «ይሁን እንግዲህ፣ ጌታ ያውቃል» ብለው ሊመለሱ ዞሩ።

«እማማ፣ ይምጡ!» አለች ታደለች። ዓይኗን ገልጣ ተነስታለች። «የእኔ ቦታ አለ። እኔ እወርዳለሁ።»

መኪናው በተቃውሞ ተናወጠ። «ሲስተር፣ በፍጹም!» አለ ተመስገን። «እኔ ቆሜ እሄዳለሁ!»

«አንተ ማጂ ድረስ ቆመህ ምን ድምፅ ይቀርልሃል?»

«የእርስዎ ጉዞ እኮ ነው!» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

«ጋሼ፣ የጸለያችሁልኝ እንዳርፍ አልነበረም?» አለች፤ «እኔ ቤቴ አርፋለሁ፤ እማማ እህታቸውን ያያሉ። ጸሎታችሁ ተሰማ ማለት ነው። በሉ አሜን በሉ።»

«አሜን!» አለ ቅጥቅጡ በሙሉ፣ በልማድ። አንዴ አሜን ካለ በኋላ ደግሞ ምን ያድርግ? ሁሉም መሥዋዕትነቷን እያደነቀ ተቀመጠ። እኔ ግን ፊቷን አየሁት። መሥዋዕት የምታቀርብ ሰው ፊት አልነበረም። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደወል የተደወለላት ተማሪ ፊት ነበር።

እኔም ልነሳ ቃጣኝ። ትከሻዬን ጫን አደረገችኝ። «አንተ ሰብሳቢ ነህ» አለች። ከዚያ እጇን ኪሷ ከተተችና ስልኳን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ይኼንንም ማጂ አድርስልኝ።» ወረደች። በመስኮት ሳያት በፍጥነት እየሄደች ነበር።

አልዋሻችሁም፣ ቅር አለኝ። «ማንም ስሜን የማይጠራበት» ስትል «ማንም» ከሚለው ውስጥ እኔ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። የሠላሳ ዓመት ባል ማንም ነው እንዴ?

ከተማውን ሳንወጣ ስልኩ ጮኸ። «ሲስተር!» አለ የሴት ድምፅ። «እኔ ባለቤቷ ነኝ» አልኩ። «ሲስተር የት ናቸው?» አጠገቤ ጋሽ ማርቆስ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ መዋሸት አይቻልም። እውነቱን ብናገር ደግሞ ሴትዮዋ በሩጫ ቤታችን ትደርሳለች። «ስልኳ ወደ ማጂ እየሄደ ነው» አልኩ። ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር። ጋሽ ማርቆስ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ከዚያ በኋላማ አልቆመም። አንዱ የጀርባው ቁስል በምን ይታጠብ ይለኛል፤ አንዷ ልጇን ማን ብላ ስም ታውጣለት ትለኛለች። ጂኦግራፊ ያወቅኩትን ያህል ስለ ሰው ልጅ ገላ ምንም እንደማላውቅ ያን ዕለት ተረዳሁ። ለሁሉም «ጤና ጣቢያ ሂዱ» አልኩ። ጀሙን ካለፍን በኋላ አንዲት ወጣት እናት እያለቀሰች ደወለች። ልጇ ጡት እምቢ ብሏታል። «ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ልጄ» አልኳት።

«ወስጄው ደህና ነው ብለውኛል» አለች፤ «እኔ እንኳ ሲስተር ምንም ባይሉኝ ግድ የለም። ድምፃቸውን ብቻ ልስማ ብዬ ነው።»

«አይዞሽ» አልኳት። ስልኩን አልዘጋችም። እኔም ልዘጋው አልቻልኩም። የመዘምራኑ ጩኸት በአንድ ጆሮዬ፣ የሴቲቱ ትንፋሽ በሌላው ጆሮዬ፣ መንገዱ ተራራውን ይዞ ኔትወርክ እስኪጠፋ ድረስ እንዲያው ተያይዘን ሄድን። ስልኩ ፀጥ ሲል እጄን አየሁት። ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመኪናው መንገጫገጭ ነው ብዬ ልለፈው።

ማጂ ስንደርስ ስለ ጉሙ ያልኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰው ያልኩት ግን ውሸት ነበር፤ ከተማው በሙሉ ሊቀበለን ወጥቷል። እማማ ወለቴ ከመኪናው ሲወርዱ ከሰዉ መካከል እሳቸውን የምትመስል አንዲት አሮጊት መጣች። ሁለቱ አልተሳሳሙም፤ መጀመሪያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተያዩ። ተመስገን እንኳ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ሞንታርቦው ተተከለ። «መምህር፣ ጄኔሬተሩ ቤንዚን ጨረሰ!» «መምህር፣ ቅርጫቱ የት ነው?» «መምህር!» ሰብሳቢው እኔ ነኛ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሜን ሳይሆን ማዕረጌን ጠሩብኝ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ሰው ሳይነሳ ከተማው ዳር ካለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ጉሙ ከታች ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል። አንድ ዶሮ ጮኸና ያፈረ ይመስል ዝም አለ። ለታደለች ቃል የገባሁላት ጸጥታ ይኸው አለ፤ እሷ ግን የለችም። ይህን ልንገራት ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ጉብታው ላይ ኔትወርክ ነበር። ደወልኩ። የካፖርቴ የግራ ኪስ ጮኸ።

የሷን ስልክ አውጥቼ ሁለቱን እጄ ላይ ያዝኳቸው። በእሷ ስልክ ላይ የእኔ ስም ይበራል፤ ለእሷ የደወለ ሌላ አንድ ሰው። ዕድሜዬን በሙሉ «ታደለች፣ ካልሲዬ የት አለ? ታደለች፣ ይኼን ስሚ! ታደለች፣ ተኝተሻል እንዴ?» ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። «ማንም» ውስጥ ከሁሉ በፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጥሪውን ዘጋሁት።

በመልሱ ጉዞ ድንቹን ጭነን፣ እማማ ወለቴን ከእህታቸው ጋር እንዲሰነብቱ ትተን፣ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ገባን። የዘይነባን ድንች ተሸክሜ ቤቴ ስደርስ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ዞሬ በጓሮ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ታደለች ከአቮካዶው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። የተሰጣው ቡና ከሄድን ወዲህ የተገለበጠ አይመስልም፤ ዶሮ እንዳሻው ሄዶበታል። ቀኝ እጇ ከምንጣፉ ወጥቶ ሳሩ ላይ ተዘርግቷል። አተኩሬ አየሁት። አይንቀሳቀስም።

ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ «ታደ...» ብዬ አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንድ እጅ እጅጌዬን ጨበጠኝ።

«እሽሽ!» አለች ዘይነባ። ልጇን አዝላለች፤ በሌላው እጇ የጓጉንቸራችንን ቁልፍ ይዛለች። «መምህር፣ ሲስተር እኮ ማጂ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለመጣው ሁሉ እንደዚያ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። በሩን ቆልፊብኝ ሲሉኝ፣ ወላሂ፣ አለቀስኩ። እኔ እኮ ነኝ ከሁሉ የማደክማቸው።» ልጇ ትከሻዋ ላይ ነጭናጫ ድምፅ አሰማ። ዘይነባ ወደ አጥራችን በልማድ ዞረች፤ ከዚያ አፏን ዘግታ ልጇን ራሷ እሹሩሩ እያለች ወደ ሱቋ ወሰደችው።

ሱቋ ደጃፍ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጎረምሳ እየተጣደፈ መጣ፤ እናቱ ደም ግፊቷን መለካት እንደምትፈልግ ነገረኝ።

«ጤና ጣቢያው ክፍት ነው፤ እዚያ ውሰዳት» አልኩት።

«ሲስተርስ የሉም?»

«ማጂ ናት።»

በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየ፤ እኔንም አየኝ። «መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ስትነቃ» አልኩት።